የቀስታው ፈተና

— ሄሎ... አዎ፣ ክሊኒኩ ነው... አዎ፣ እዚሁ አለች። ጥግ ላይ አስቀምጫታለሁ፣ ሲመችዎት መጥተው ይውሰዷት... ያው ነው ችግሯ፤ ትበራለች፣ ወዲያው ደግሞ ድርግም ትላለች። ጠዋት ጎኗን በጥፊ መታ መታ ሳደርጋት ትንሽ ነቅታ ነበር...

— ኧ?... የማንን ልጅ?... ውይ፣ ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ? ይቅርታ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ መስለውኝ ነው። ስለ አሮጌዋ ኮምፒውተር ነው የማወራው... አይ፣ አይ፣ ልጅቷን ማንም በጥፊ አልመታትም። እሷን ጭንቅላቷን የመታት የግቡ ብረት ብቻ ነው።

— ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት፤ ምነው ወንድሜ ጠፋ ስትል ነበር...

— አዎ፣ በረኛዎን ፌንጣን ፈትኜያታለሁ። አሁን ውስጠኛው ክፍል ተኝታለች። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ ስላለች መብራቱን አጥፍቼላታለሁ። እናቷ አጠገቧ ናት።

— የነገውን ጨዋታ አውቃለሁ፣ ጋሼ። የዋንጫ ጨዋታ መሆኑን የማያውቅ የለም... የትልቁ ቡድን መልማዮች እንደሚመጡም ነግረውኛል። አሠልጣኝ ነዎት፣ በረኛዎን ይፈልጋሉ። ይገባኛል።

— ውጤቱማ እኩል ነው። ሲዝኑ ሲጀመር፣ ጤነኛ ሆና ካመጣችው ጋር ልክ እኩል... ቆይ፣ ቆይ። ቶሎ አይደሰቱ።

— ይሰሙኛል?... ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎት። ደህናው ኮምፒውተር ፊት አስቀመጥኳት። ሥዕሎቹን አይታ እንድታስታውስ፣ ቀይ ሲበራ ቶሎ እንድትጫን ነገርኳት። እሺ አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ በጣም በጨዋ ድምፅ፣ «የትኛውን ልሥራ? የቀስታውን ነው የእውነቱን?» አለችኝ።

— አዎ። እንደዚያ ነው ያለችኝ... የቀስታው ደግሞ ምንድን ነው አልኳታ። ምስጢር መሆኑን ረስታዋለች፣ ጋሼ። ደህና ብትሆን ኖሮ አፏን አትከፍትም ነበር፤ ያናገራት ምቱ ነው። በሲዝኑ መጀመሪያ ፈተና ላይ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ሁኑ፣ አውቃችሁ ተሳሳቱ፣ ኋላ ብትመቱ ልዩነቱ አይታወቅም ብለዋቸዋል። መልበሻ ክፍል ውስጥ ሰብስበው አለማምደዋቸዋል... አሁን እንግዲህ ያላትን ኃይል ሁሉ አውጥታ የእውነቱን ሠራች፤ ያመጣችው የቀስታውን ውጤት ነው።

— ልጅ ብዙ ትቀባጥራለች?... እሺ። እንግዲያው እርስዎ ይንገሩኝ። አላሏቸውም?

— ሁሉም ቡድን ያደርገዋል... ይህ ነው መልስዎ?

— አልጮህኩም። እኔ መቼ ጮኼ አውቃለሁ?... እንዲህ የምናገረው ስላስጠላኝ ነው... አዎ፣ አስጠላኝ ነው ያልኩት። አፌን መረረኝ። ሌላ የተሻለ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

— ያኔ ስፈትናቸው እኮ፣ ምን ዓይነት ፈዛዛ ቡድን ነው ብዬ አዝኜላቸው ነበር። የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ ቁጠሩ ስላቸው ረቡዕን ይዘሉታል። አንዷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ሳል አስመሰለችው። ውሃ ሰጠኋት፣ ጋሼ። ጉንፋን ይዟት መስሎኝ ውሃ ሰጠኋት።

— አንዴ ይጠብቁኝ... እህቴ፣ ባልዲው ከአልጋው ሥር አለ። አዎ፣ በጎኗ አስተኟት... አትተኚ አይበሏት፣ ብቻ ከአጠገቧ አይራቁ። አምቡላንሱ መንገድ ላይ ነው፣ አሁን ይደርሳል።

— ሄሎ... ይቅርታ፣ አስመለሳት። እንደገና ነው... ከሜዳ እየሳቀች ነው የወጣችው? አዎ፣ እዚህም ስትደርስ እየሳቀች ነበር። አንድ ቀልድ ነገረችኝና ሳቅን። ትንሽ ቆይታ ያንኑ ቀልድ ነገረችኝ። ከዚያ ደግሞ ያንኑ። በየጊዜው ለራሷ አዲስ ነበር።

— እናትየዋማ ታውቃለች። ነገርኳት... ለምን አልነግራትም? ልጇ ናት እኮ... ምን አለች? ቁጭ ብላ የልጅቷን ጫማ ፈታችላት።

— እሱን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። በእናንተ ዘመን ግንባራችሁን በጨርቅ አስራችሁ፣ ደም እየፈሰሳችሁ ትጫወቱ ነበር። ደም ይታያል፣ ጋሼ። ይሄ አይታይም። ያላገገመ ጭንቅላት ሌላ ምት ሲጨመርበት ልጅቱ ከሜዳው ላትነሳ ትችላለች። ይህን ደግሞ እርስዎ ያውቁታል። ለአሠልጣኞቹ ስናስረዳ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ራስዎን እየነቀነቁ ነበር። የእኔ የእህት ልጅ ናት እያሉ አጠገብዎ ለተቀመጠው ሲያሳዩኝ አይቼዎታለሁ። አፍሬም ነበር፣ ደስም ብሎኝ ነበር።

— መልማዮቹ ለእሷ ብለው ነው የሚመጡት... ለራሷ ብዬ ነው ያደረግኩት ነው የሚሉኝ? እሺ፣ ለማን ተብሎ እንደተደረገ እንተወው። ስለዚያ ባወራ የማልመልሰው ቃል ይወጣኛል።

— አልፈርምም... ቁጥሩ እኩል ቢሆንም አልፈርምም። «መጫወት ትችላለች» ብዬ ስሜን አላስቀምጥም።

— አዎ፣ እዚህ ሥራ ያስገቡኝ እርስዎ ነዎት። አባቴ ሲሞት እንደ አባት የያዙኝም እርስዎ ነዎት። ባይሆንማ ስልኩን እስካሁን ዘግቼው ነበር።

— ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም?... ይሁና። ሞኝ ልሁን።

— እ... እሺ። ፌንጣ ከቀረች ትቅር። ያ ነው እኔም የምለው። ተቀያሪዋን ያስገቡ፣ ምን ችግር አለው...

— ቆይ። የትኛዋን ተቀያሪ?... ያቺን ባለ ረጅም እግሯን? ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ ራሷን በሰው ጉልበት ተመትታ ያመጧትን? ለውጥ የላትም፣ ደህና ናት ብዬ የላክኋትን?

— ጋሼ... እሷም ያኔ የቀስታውን ነበር የሠራችው?

— ይሰሙኛል?... መንገድ ላይ ነኝ አይበሉኝ፣ በደንብ ይሰማል። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኩዎት። እሷም?

— ሄሎ?... ሄሎ...

ዘጋብኝ። አምቡላንሱ መጥቶ ፌንጣንና እናቷን ከሸኘኋቸው በኋላ፣ የተቀያሪዋ በረኛ ቤት ደወልኩ። አባቷ አነሳና ከትምህርት ቤት ራሷን አሟት መጥታ ተኝታለች አለኝ። ቀስቅሶ ወደ ሆስፒታል እንዲወስዳት ነገርኩት፤ እኔም ቀድሜው ሆስፒታሉ በር ላይ ደርሼ ጠበቅኳቸው።