የአማካሪዎቹ ማኅበርና የቬርና እምቢታ

ቬርና ራትሊፍ እምቢ ካለች እምቢ ነው። በተራራው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ አራት ርእሰ መምህራን ተቀያይረዋል፤ ባቄላው ግን የሚበስለው ሁሌም እሷ ባለችው መንገድ ነው። እኅቷ ሞታ የተወችላትን ኬልሲንም ያሳደገቻት በዚሁ ጠባይዋ ነው። ኬልሲ አሁን ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ በምክር አገልግሎት ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተዋታል።

አንድ ሐሙስ ቀትር ላይ ቬርና ቴምብር ልትገዛ ፖስታ ቤት ብትገባ፣ ከተማ ናት ብላ የምታስባት ኬልሲ መስኮቱ ላይ ተደግፋ ቆማለች።

«ደብዳቤዬ ጠፍቶ ይሆን ብዬ ነው» ትለዋለች የፖስታ ቤቱን ሰውዬ። «ከአማካሪዎች የክብር ማኅበር በአክስቴ አድራሻ የሚላክ ነው። ከክፍሌ ለተመረጡት ደርሷቸዋል። እኔ ልመረጥ አልመረጥ አላወቅሁም፤ መልስ የሚሰጠው ደግሞ እስከ ነገ ነው።»

ቬርና ሹልክ ብላ መውጣት ትችል ነበር። መዋሸት ግን አትችልበትም።

«አልጠፋም። ቀድጄ ጣልኩት» አለች ከኋላ።

ኬልሲ ዞር ብላ አፈጠጠችባት።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ? እንኳን ደስ አለዎት ብሎ ይጀምራል። ተመርጠዋል ይላል። ከታች ደግሞ የመመዝገቢያ ክፈሉ ይላል። እኔ በዚህ ወር ብቻ የመርከብ ሽርሽርና ፍሎሪዳ ውስጥ ቤት ደርሶሻል የሚል ወረቀት መጥቶልኛል። እንዲህ ብሎ ከሚጀምር ወረቀት ደግ ነገር ሲወጣ አላየሁም።»

«የሰው ደብዳቤ መክፈት እኮ ወንጀል ነው፣ ቬርና» አለ ሰውዬው።

«እንግዲያው ሸሪፉን ጥራው። ነገ ልጆቹን ምሳ ማን እንደሚያበላ ግን አብረህ ጠይቀው።»

ኬልሲ ግን ከዚህ ሁሉ የሰማችው አንዲት ቃል ብቻ ነበር። «ተመርጠዋል ነው የሚለው?» አለች፤ ፊቷም በራ።

ወጥተው የቬርና መኪና ውስጥ ተቀመጡ።

«አክስቴ፣ ስሜ ካለ መልሱን በስልክ መስጠት እችላለሁ። ግን አንድ ነገር ይጠይቃሉ። አባል ስሆን የማኅበሩን ዓርማ ደረቴ ላይ የሚያደርግልኝ እዚህ ያደረሰኝ ሰው መሆን አለበት። ያንቺን ስም ልስጣቸው።»

«አትስጫቸው። አባቴ ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ከሰል ቆፍሮ ኩባንያው የሰጠውን ሰዓት እንኳ አላሰረም። እኛ ቤት ሰው ራሱን ከጎረቤቱ በላይ አያደርግም።»

«ውጤትሽ ጥሩ ሲሆን ይጠሩሻል፣ ልክ ነው። ውጤቱ ግን በሩ ነው። ከገባሽ በኋላ ያለው ቃል ኪዳን ነው፤ ምስጢር ልትጠብቂ፣ የሙያ ጓደኛሽን ብቻውን ላትተዪ።»

«የሰው ችግር ለመስማት ማኅበር ያስፈልጋል? እኔ ሳህን እየሞላሁ ስንቱን ሰምቻለሁ።»

ኬልሲ ትንሽ አመነታች። «ያቺ ምሳዋን መብላት ያቆመችው ልጅ ያዋየችሽን ለማን ለማን ነገርሽ?»

ቬርና መሪውን ጨበጠች። ለሦስት ሴቶች ነበር የነገረችው፤ ለደግ ብላ፣ እንዲጸልዩላት። በእሑዱ ሸለቆው ሁሉ ሰማ። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ ሳህኗን ስትቀበል ቀና ብላ አታያትም።

«ለክፋት አልነበረም» አለች ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ። የምማረው እኮ ይኼንኑ ነው። ሚስተር ክሬንሾን ታስታውሺዋለሽ?»

«የትምህርት ቤታችንን አማካሪ? ያን ኩሩ? መኪናው ውስጥ ብቻውን ምሳ የሚበላውን? ስምንት ወር ተቀምጦ ጥሎን ሄደ።»

«ለጥናቴ ፈልጌ አግኝቼዋለሁ። የእኔን ታሪክ ለአገርሽ ሰዎች ንገሪያቸው ብሎ ፈቅዶልኛል። ኩራት አልነበረም፣ አክስቴ። የሁሉንም ልጅ ጉዳይ ተሸክሞ የሚያወራው ሰው አልነበረውም። እዚህ አገር ሁሉም ዘመድ ነው፤ ለማን ይናገር? መኪናው ውስጥ የሚቀመጠው ሊያለቅስ ነበር። ማኅበሩ ጋብዞት ነበር፤ ዓርማ ምን ይሠራልኛል ብሎ ተወው።»

«ማኅበሩ ምን ያደርግለት ነበር?»

«በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ በስልክ ይሰበሰባሉ። ስም ሳይጠሩ፣ ይኼ ገጠመኝ፣ ምን ስቼ ይሆን ይባባላሉ። ሃያ ዓመት የሠራው ትናንት የጀመረውን ይደግፋል።»

ቬርና ከፖስታ ቤቱ ጀምሮ ስትፈራው የነበረውን አወጣችው።

«ዓርማ አድርገውልሽ ከተማ ሊያስቀሩሽ አይደለም?»

«እዚህ እንድቆይ ነው የምገባው። ብቻዬን ከሆንኩማ እኔም ስምንት ወር ነው።»

ቬርና ሞተሩን አስነሣች። «ስሜን ስጪያቸው። አዲስ ጫማ ግን አልገዛም።»

በመጋቢት አንድ እሑድ የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። የኬልሲ ስም ሲጠራ፣ የወጥ ቤቱን ትልቅ ድስት ብቻዋን የምታነሣው ቬርና ያችን ጥፍር የምታክል ዓርማ ልትሰካ ታገለች። ሁለት ጊዜ ወደቀችባት። በሦስተኛው ሰክታ ወደ ሕዝቡ ዞረች፤ ተናገሪ ያላት ሳይኖር «ከእኛ ተራራ ነች። ወደ እኛ ትመለሳለች» አለች። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ኬልሲ አንገቷን ቀና አድርጋ ቃል ኪዳኑን አነበበች፤ ቬርናም እያንዳንዱን ቃል፣ በተለይ ስለ ምስጢር የሚለውን፣ በከንፈሯ ተከተለች።

ኬልሲ በመኸር ተመልሳ በተራራው ትምህርት ቤት በአማካሪነት ሥራ ጀመረች። ስምንተኛው ወር መጣ፤ አለፈ። አሁን ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሰኞ ሲመጣ የቢሮዋን በር ዘግታ ስልክ ላይ ትቀመጣለች፤ ስትወጣ ትከሻዋ ቀለል ብሎ ነው። መጸዳጃ ቤት ተደብቀው ያለቅሱ የነበሩ ልጆች ዛሬ በሯን ያንኳኳሉ፤ የነገሯት ሸለቆ ለሸለቆ ሲዞር አልተሰማምና። ባለፈው ግንቦት የማኅበሩ አባላት ከከተማ ድረስ መጥተው ከወላጆች ጋር ቀኑን ሙሉ ተወያዩ። ቬርና ባቄላና የበቆሎ ዳቦ አበላቻቸው፤ እነዚያ በሙያቸው ጸጥ ብለው የሚያዳምጡ ሰዎች ሲበሉ ግን ጫጫታቸው አይጣል ነው። ያቺ ቀና ብላ የማታያት ልጅም አድጋ ሳህን በማጠብ ልታግዛት ወጥ ቤት ገባች። ቬርና ምንም ሳትጠይቃት ፎጣውን ሰጠቻት፤ ጎን ለጎን አጠቡ።

ማኅበር ለታይታ ነው የሚሉ ዛሬም አሉ። ባለፈው ሳምንት የነዳጅ ማደያው ባለቤት ለልጁ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጥቶላት ሲያጉረመርም ቬርና ሰማችው።

«የትምህርት ሰዎች መመጻደቂያ ነው» አላት።

«እኔም እንዳንተ ነበርኩ» አለችው፣ የነዳጁን ቱቦ ከእጁ ተቀብላ። «ሰው የሚሰማ ሰው፣ የሚሰማው ሰው ከሌለው ይሄዳል። ከሄደ የሚጎዱት የእኛ ልጆች ናቸው። ልጅህ ተመርጣለች አይደል? በል ሂድና ሸሚዝህን ተኩስ፤ ዓርማዋን የምትሰካላት አንተ ነህ።»