የገላባት አረብኛ

ከሸሕዲ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ወጣት ወንጌላዊና አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ተቀምጠዋል።

«ስልጠና ላይ ነኝ አልከኝ፤ የምን ስልጠና ነው ልጄ?»

«ባሕር ማዶ ሄደን እንድናገለግል ነው፣ ሐጂ። እኔ ሊባኖስ ደርሶኛል።»

«አረብኛውንስ?»

«ከድንበሩ ማዶ ገላባት ስምንት ዓመት ሰሊጥ ሸጫለሁ፤ እንደ ውሃ ነው የምጠጣው።»

«ታዲያ ፊትህ ለምን ጠቆረ?»

«ትናንት አሰልጣኙ በአረብኛ ጸልይ ሲለኝ አፌ ተያዘ።»

«አፍረህ?»

«አይ። ‹ዋጋ ቀንስ›፣ ‹ሚዛንህ ሌባ ነው›፣ ‹ወላሂ አልሸጥም›፣ ይሄ ሁሉ ይመጣልኛል። ‹ይቅር በለኝ› የሚለው ግን የለም።»

«ረሳኸው?»

«ኧረ መቼ አውቄው! በስምንት ዓመት አንድ ቀን ብዬው አላውቅም።»

ሐጂ ሳቁ። «‹ሳምሕኒ› ነው የሚባል።»

«ሳምሕኒ።»

«‹ሕ›ዋን ከጉሮሮህ አውጣት።»

«ሳምሕኒ። እርስዎስ ሐጂ፣ ገበያ ላይ ብለውት ያውቃሉ?»

«ገበያ ላይ? እኔ እንኳ የምለው ለባለቤቴ ብቻ ነው።»

እኔም ቃሉን በሆዴ ደገምኩት፤ በአማርኛ ለመጨረሻ ጊዜ ለማን እንዳልኩት ግን እስከ መናኸሪያው ድረስ ባስብ ባስብ አልመጣልኝም።