ንፋሱ የጠላው ኮፈን

አባባ፣ ወንበሩ ተመቸዎት? ጥላው ሸሸብዎት እንዴ? ትንሽ ብድግ ይበሉ… እንደዚህ። አሁን ፀሐይዋ አናትዎን ትታ ጉልበትዎን ታሙቅልዎት። ሎሚናዳውን በዚህ እጅ ይያዙ፣ ሆትዶጉን በዚያኛው። ሰናፍጩ ሸሚዝዎ ላይ እንዳይንጠባጠብ፤ ዛሬ ፎቶ ይነሳሉ። እኔ በቀኝ ጆሮዎ በኩል ልሁን፣ ግራው እንደሆነ ጡረታ ወጥቷል። ጮክ ብዬ ባወራም አይቀየሙኝ። ለእርስዎ ጆሮ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሰው እንዲሰማ… ኧረ በጭራሽ! ማን አለና? እዚያ ጋ መኪና የሚወለውል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሥራ ላይ ነው።

በቆሎው ዘንድሮ እንዴት አምሯል! ከእሳት አደጋ ጣቢያው ጀርባ ያለውን አዩት? የመኪናዎ ኮፈን የወደቀበት እርሻማ ከሁሉም በልጧል። ላሜራ ማዳበሪያ ይሆናል እንዴ አባባ?

ያንን ቀን ሳስታውስ ዛሬም ሳቄ ይመጣል። የሞተር ዘይት ልይልዎት ብሎ የመኪናዎን የቼቬሏን ኮፈን የከፈተ አንድ ደግ ሰው ነበር። ዘይቱን አየ። ከዚያ ኮፈኑን ቀስ አድርጎ አስተኛው። እንቅልፉ እንዳይረበሽ አስቦ ይመስለኛል፣ ቀጭ እስኪል ድረስ አልተጫነውም። ርኅሩኅ ነው እኮ። እርስዎ የገጠሩን መንገድ ይዘው ነዳጅ ሲረግጡ… ብድግ! መስታወቱን ሸፈነው፣ ተገነጠለ፣ በጣራው ላይ አልፎ በቆሎው ውስጥ። ያኔ ከኋላ ተቀምጦ «ወፍ ነው» ያለው ማን ነበር? እኔ አይደለሁም። እኔ እየጮህኩ ነበር። የቀረውን ደግሞ የአጨዳ ማሽኑ ጨረሰው፣ ነፍሱን ይማርና።

እርስዎም ተናደው እንዲህ አሉ። «ዕድሜዬን ላሜራ ቀጥቅጬ ኮፈን ገዝቼ አልገጥምም። ሁለት የልጅ ልጆች አሉኝ። በገዛ እጁ ቀጥቅጦ ለቼቬሏ ኮፈን የሠራ፣ የመኪና በዓሉ ቀን ቁልፉን ይወስዳል» አሉ። መኪናይቱን ከነነፍሷ! እኔ ያን ሌሊት አልተኛሁም። ከሁለቱ አንዷ እኔ ነኛ። ሁለተኛውን… ስሙን አልጠራም። ታርጋው ላይ አስጽፎታል፣ ማንበብ የፈለገ ያንብብ። ቁልፉ ሳይሰጠው በስሙ ታርጋ አሠርቶ መግጠም… እምነት ማለት ይሄ አይደል? ፓስተራችን እንኳ እንዲህ ያለ እምነት የላቸውም።

እኔማ ሞኝ ነኝ። «ቀጥቅጡ» ሲባል መቀጥቀጥ መሰለኝ። የመጀመሪያዬን ያስታውሱታል? ላም የተኛችበት ትሪ። እዚህ ስጫነው እዚያ ጶክ፣ እዚያ ስጫነው እዚህ ጶክ። እርስዎ ደግሞ በሳቅ እየፈረሱ፣ «ማርሊ፣ ብየዳውን አንድ ቦታ አታቆዪው፣ ላሜራ ሲሞቀው ያኮርፋል» ይሉኛል። ላሜራ እንደሚያኮርፍ በምን አውቄ! የሚያኮርፍ ዘመድ ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

ከዚያ ደግሞ የጭቃው ጉድ። «የሕፃናት መጫወቻ ጭቃ ድቡልቡል አድርገሽ አየር ማጣሪያው ላይ አስቀምጪ፤ ኮፈኑን ዝጊና ክፈቺ፤ ጭቃው ከተጨፈለቀ ሞተሩ ቦታ ጠቦታል ማለት ነው፣ የኮፈኑን ጉብታ ከፍ አድርጊ።» ዘጋሁ፣ ከፈትኩ… ቂጣ! ጉብታውን ከፍ አደረግኩ። ዘጋሁ፣ ከፈትኩ… ትንሽ ወፈር ያለ ቂጣ! ሞተሩ ላይ ዳቦ ቤት ከፍቼ ነው የከረምኩት። አውራ ጣቴን ይዩት፣ ጥፍሩ እስካሁን ጠቁሮ ቀርቷል። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ቀለም የተቀባሁ መስሏቸው «የት ገዛሽው?» ይሉኛል።

አንዳንዱን ግን እግዜር ሲወደው! ጭቃ የለ፣ ጶክ የለ፣ ማኩረፍ የለ። አንዴ አስቀመጠው፣ ልክክ! ብሎኖቹ ሳይቀሩ ቀዳዳቸውን እያወቁ ገቡለት። ደግሞ ትሕትናው! ሥራውን ለማንም አላሳየ። የራሱን መጋዘን ዘግቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ። እውነት እኮ ነው፣ እትዬ ትሩዲ ጎረቤቱ አይደሉ? ድመት አጥር ስትዘል የሚሰሙት ሴትዮ፣ «ፀደዩን ሙሉ አንዲት ቋ እንኳ አልሰማሁም» ይላሉ። በዝምታ የሚቀጠቀጥ ብረት! እንዲህ ያለ ጨዋ መዶሻ የት ነው የሚሸጠው አባባ? አንድ ቀን ብቻ የዕቃ ማድረሻ መኪና በሩ ላይ ቆሞ፣ በር የሚያህል ካርቶን አወረደ አሉኝ። ምን እንደሆነ እኔ ምን አገባኝ። ፍሪጅ ይሆናል። ጠፍጣፋ ፍሪጅ።

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ? ሥራ የሚጠላው ደግሞ የተሰፋ ቆብ ያስመጣል… ስለ መነኩሴ ነው የማወራው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልዎት።

እጁንስ አይተውለታል? እኔ ጠዋት ሰላም ስለው ጨበጥኩት። የሕፃን ጉንጭ! ብረት ቀጥቅጦ እጁ የለሰለሰለት ሰው በዓለም ላይ እሱ የመጀመሪያው መሆን አለበት። ለመድኃኒትነት መሸጥ ነበረበት።

እርስዎ ደግሞ የድሮ ሰው ነዎት። የሰው መኪና ቀለም በጣት አይነኩም፤ እኛንም በዚሁ ነው ያሳደጉን። ሐሙስ ዕለት ገጥሞ ሲያመጣት፣ እጅዎን ልከው ልዳብሰው ሲሉ «አባባ፣ ገና አልደረቀም!» ተባሉ። እጅዎን ወደ ኪስዎ መለሱት። በገዛ መኪናዎ ላይ! ዓርብም አልደረቀም። ዛሬም በዚህ ሐሩር አልደረቀም። እኔ የሚገርመኝ፣ ዝንቦቹ ያርፉበትና ደህና ተነስተው ይሄዳሉ። የእኛ አገር ዝንብ ጫማ አውልቆ ነው መሰለኝ የሚያርፈው።

እስቲ ረድፉን ይዩት። ሁሉም ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ያሳያል፤ የጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ነው የሚመስለው። ከዚህ ሁሉ መኪና አፉን የዘጋ አንድ ብቻ። ዝምታ ወርቅ ነው… ወርቅ ደግሞ ማግኔት አይዘውም፣ አይደል?

ውይ፣ ማግኔት ስል ትዝ አለኝ! ለበዓሉ ኮፈን ላይ የሚለጠፈውን የመኪኖቹን ቁጥር ዘንድሮ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ነግሬዎታለሁ? አምና ከወረቀት ተሠርተው፣ ንፋስ ሲመጣ ሁሉም ሄደው በቆሎ ውስጥ ገቡ። ዘንድሮ በማግኔት ልሥራው አልኩ። ስስ ማግኔት፣ ቀለም እንዳይጭር ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ የለበሰ። ለሕዝብ አስቤ ነው እንጂ ሌላ ምን ሐሳብ አለኝ? እንዲህ በሚያምር ፊት ላይ ተንኮል ይታይዎታል?

ያያሉ? ኮፈኖቹ ተከፍተው ሽቅብ ቆመዋል፤ ቁጥሮቹ እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥለው አንድም አልወደቀ። የአንድ መኪና ኮፈን ብቻ ተዘግቶ፣ ተኝቶ… ቁጥሩ ይወድቃል። ጠዋት ፓስተሩ መኪኖቹን ሲባርኩ «አሜን» ከማለታቸው፣ ተንሸራቶ ጫማቸው ላይ። ጎንበስ ብለው አነሱለት፣ «ንፋስ ነው» አላቸው። ለፓስተር! መልሶ አስቀመጠው፣ ሄዶ የእትዬ ትሩዲ ቡችላ አፍ ውስጥ። ንፋስ ነው። ማስቲካ አኝኮ ከሥሩ ለጠፈበት። ማስቲካው በፀሐይ ቀለጠ፣ ቁጥሩ ምላሱን አውጥቶ ወረደ። አሁን ደግሞ በፕላስተር አስሮታል፣ የቆሰለ ሰው መስሎልዎታል። ምን ዓይነት ንፋስ ነው እንዲህ ሰው የሚመርጠው? ጠላት አለበት ልበል? ምቀኛ ንፋስ!

የእትዬ ትሩዲ መኪና፣ ኮርቬቷም፣ ቁጥሩን አልያዘችም፣ እውነቱን ልናገር። እሳቸው ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «የእኔዋ ስትወለድም ፋይበር ናት፣ ማግኔትሽን ለብረት ስጪ» ብለው ቁጥሩን መስታወቱ ውስጥ አስቀመጡት። አለቀ። ፋይበር መሆን ምን ነውር አለው? ነውሩ… ቆይ፣ ምን ልል ነበር? ጠፋብኝ። ሙቀቱ ነው።

ምን ታየኛለህ አንተ? ከአባባ ጋር ነው የማወራው! ወልውል፣ ወልውል፣ ያምርብሃል።

ብረትን እንደጋለ መቀጥቀጥ ነው ይባላል፤ ብረት ካልሆነ ደግሞ… ቀለም መቀባት ነዋ፣ ምን ይደረጋል? እኔ እኮ እያደነቅኩት ነው። ጥቁሩ ቀለም፣ ነጩ መስመር፣ ጉብታው! ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው። ቃሌን ይያዙልኝ፣ ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው።

የእኔንማ አያንሱት። የእናቴ ፒካፕ ላይ በብርድ ልብስ ሸፍኜ ነው ያመጣሁት፣ ለምን እንዳመጣሁትም አላውቅም። ቀለም አልደረሰበትም፤ የመዶሻው ጠባሳ እንደ ፈንጣጣ ይታያል፤ በግራ በኩል ሲዘጋ ጣት ያስገባል። በዚያ ላይ አንድ ዝናብ አግኝቶት ጥግ ጥጉን ዝጎብኛል። ሳለቅስ እርስዎ ምን አሉኝ? «ዝም በይ፣ የሚዝገው ብረት ብቻ ነው» አሉኝ። ለማጽናናት ነው፣ ይገባኛል።

ድምፅ ማጉያው ምን አለ? «የእኛ አባባ ለልጅ ልጃቸው ቁልፍ ሊያስረክቡ ነው» አለ? በሉ እንግዲህ። ቀኑ ደረሰ። ያችን መኪና በስምንት ዓመቴ ጭንዎ ላይ ተቀምጬ መሪዋን ይዣታለሁ፤ ሌላ ሰው ሲነዳት ከመንገድ ዳር እጄን አውለበልባለሁ፣ ምን ችግር አለው። አላለቅስም። ሰናፍጭ ነው።

አባባ? ሎሚናዳውን ልያዝልዎት… የት ነው? ቀስ፣ የድምፅ ማጉያው ገመድ እንዳይጠልፍዎት። ውይ፣ በቀጥታ ወደ ቼቬሏ! የሚወለውለው ሰውዬ ጨርቁን ጣለ እኮ። ኧረ ፕላስተሩን ለምን ይልጡታል? ቀስ ይበሉ፣ «ገና አልደረቀም» እያለዎት ነው! ለእኔ አይደለም ያለው፣ ለእርስዎ ነው ያለው… አባባ በመሐረብ ማስቲካውን ጠረጉት! ማስቲካ! አባባ ቁጥሩን በራሳቸው እጅ አስቀመጡት…

ወደቀ።

ንፋስ አለ እንዴ? የጣቢያው ባንዲራ እንኳ ተኝቷል።

ኧረ ጉድ! በጣታቸው አንኳኩት! የሰው መኪና ቀለም ነክተው የማያውቁት ሰውዬ! ድምፁን ሰማችሁት? ጡፍ። ሐብሐብ ነው እንዴ? የበሰለም አይመስል…

ኧረ አባባ፣ ወደዚያ አይሂዱ! ፒካፑን ይተዉት! ብርድ ልብሱን አያንሱብኝ፣ ሰው እያየ ነው፣ ዝገቱ… ቁጥሩ እዚያ ላይ ምን ያደርጋል…

ጧ!

ያዘ። ሽቅብ አቆሙት፣ ያዘ። ነቀነቁት፣ ያዘ። አሁን ደግሞ ሊያንኳኩት ነው… ዝም በሉ እስቲ ሁላችሁም፣ ያንን ሙዚቃ ዝቅ አድርጉት!

ይሰማዎታል አባባ? በግራው ጆሮዎም ይሰማል? የቤተ ክርስቲያን ደወል እኮ ነው። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት? ይሄ ጠባሳም፣ ይሄ ጠማማም? ግራው እኮ ጣት ያስገባል… «ክፍተቱን ነገ እናጠብበዋለን» ነው የሚሉት? ቁልፉን… ለእኔ? በደንብ ያስጨብጡኝ። ሞቋል፣ ኪስዎ ውስጥ ሲያሹት ነበር ማለት ነው።

እሺ። አልጮህም። አልዘልም። ትንሽ ብቻ። ታርጋዋን ግን ማንም እንዳይነቅላት፤ እኔ ራሴ ነቅዬ በክብር ለባለቤቷ አስረክባለሁ፤ ካርቶኑ ውስጥ ትቀመጥለት፣ ካርቶን አያጣም።

ደግሞ አንዱን ዘመዳችንን እንዲህ አንገቱን አስደፍተን ሳንመርቀው አንለያይም፤ ነውር ነው። ፓስተሩም አሉ፣ ባርኔጣዎን ያውልቁ አባባ። ያለነውም ሁላችን «አሜን» እንበል። የነካው ሁሉ ይቅለልለት። ልፋት ደጁን አይርገጥ፤ መዶሻም ድምፁን አያሰማው። ጉልበቱ እንደ ኮፈኑ፣ ቃሉ እንደ ኮፈኑ፣ ወንድነቱም እንደ ኮፈኑ ይሁንለት። እንደ እኔ ያለው መናኛ ብረት በዝናብ ሲበላ፣ እሱን ግን ዕድሜ ልኩን፣ እስከ ሽበቱ፣ ዝገት የሚባል ነገር አይንካው።