በቃሌ ያለፍኩት የዓይን ምርመራ

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የጋራዡም የመንገዱም ባልደረቦቼ፤ ሥራችሁን አቁማችሁ፣ አዳራሹን አሰናድታችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። ሳልዘገይ ይህን ያህል ሰው አንድ ላይ ሲጠብቀኝ የመጀመሪያዬ ነው!

ቅድም የሹፌሮች ተወካያችን ሲያሞግሰኝ «ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ሰው ሳይነካ የነዳ» አለ። አጨበጨባችሁ። እኔ ግን ጭብጨባው አልተገባኝም። የያዝኩትን ሳልናገር ከዚህ ብወጣ ሰላም አላገኝም።

ጡረታዬ ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር። ብዙዎቻችሁ «ምን ነካው? ደከመው እንዴ?» ብላችኋል። አልደከመኝም። ግራ ዓይኔ አያይም።

እባካችሁ ዝም በሉልኝ፤ ልጨርስ።

የየዓመቱን ምርመራችንን ታውቁታላችሁ። ነርሷ ግድግዳው ላይ ያንን ሠንጠረዥ ትሰቅላለች፤ ሦስት ጥርስ ያላት ሹካ የምትመስለው ምልክት ወዴት እንደዞረች መናገር ነው። ሠንጠረዡ እኔ ከተቀጠርኩ ጀምሮ አልተቀየረም። የታችኛዋ መስመር ምን ትላለች? ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ። ይኸው፣ የግማሻችሁ ከንፈር አብሮኝ ተንቀሳቀሰ! አዲስ ሹፌር ሲመጣ ፌርማታዎቹን ከማሳየታችን በፊት የምናስጠናው ይህችን ነው። ማን ጀመረው? እኔ እንጃ። አጥብቆ ያስጠናው ማን ነው? እኔ። ሻይ እየጋበዝኩ አስጠንቻለሁ። ለክፋት አልነበረም፤ ሰው ከሥራው እንዳይፈናቀል ብዬ ነው።

ባለፉት ሦስት ምርመራዎች ቀኝ ዓይኔን ስሸፍን፣ ሠንጠረዡ ቀርቶ ግድግዳውም አልታየኝም። «ላይ፣ ቀኝ፣ ታች…» አልኩ። ነርሷ «እርስዎማ ንስር ነዎት!» አለችኝ። እናንተም ከዚያ ቀን ጀምሮ አይደል «ንስር» ያላችሁኝ?

ለምን ደበቅኩ? ፈርቼ ነው። አባቴ ዓይኑን ያጣው በዚሁ በዓይን ግፊት በሽታ ነው። የመጨረሻ አሥር ዓመቱን መጸዳጃ ቤት የሚሄደው በእኔ እጅ እየተመራ ነበር። ኩሩ ሰው ስለነበር እኔን ላለማስቸገር ውሃ ሳይጠጣ ይውል ነበር። እኔም «የልጆቼ ሸክም ከምሆንስ» እያልኩ አፌን ዘጋሁ። ልጄ «አባዬ፣ በሩን ለምን ትገጨዋለህ?» ስትለኝ «በሩ ነው የጠበበው» እላት ነበር።

እንግዲህ ያቺን ቀን ልንገራችሁ። ከሦስት ወር በፊት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ፌርማታ ላይ ተሳፋሪ አውርጄ መነሳት ጀመርኩ። ትኬት ቆራጯ፣ ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፣ «ቁም! ቁም! ሰው!» ብላ ጮኸች። ፍሬኑን ረገጥኩ። ስወርድ አንዲት እናት ከግራው ጎማ አንድ ክንድ ርቀው ቆመዋል። ምርኩዛቸው ጎማው ሥር ገብቶ ተሰብሯል። እሳቸው ምንም አልሆኑም። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ አላየኸኝም እንዴ?» አሉኝ።

«አይቼዎታለሁ እናቴ፣ ፍሬኑ ነው» አልኳቸው።

መካኒኮቻችን፣ ይቅር በሉኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ፍሬን ስትፈቱ ስትገጥሙ ዋላችሁ። ምን ይገኝበታል? ብልሽቱ እኔ ነበርኩ።

ትኬት ቆራጯን ግን ማን ያታልላታል? «ጋሼ፣ ወይ እርስዎ ይናገራሉ፣ ወይ እኔ እናገራለሁ» ብላ ክንዴን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ አይቶ አይቶ «ግራው አልፎበታል» አለኝ። «ከሦስት ዓመት በፊት መጥተው ቢሆን ይተርፍ ነበር። ቀኙን በጠብታ እናቆየዋለን።» ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ አልጨበጥኩም፤ ፈቃድ ወስጄ፣ ምክንያቱን ሳልናገር ጡረታ ጠየቅኩ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እሰማ ነበር። የእኔ መድኃኒት ግን ነበረው፤ ጣት የምታህል ጠርሙስ! ሦስት ዓመት ሙሉ የሸሸሁት እሷን ነው። አሁን ጠዋትና ማታ እጨምራለሁ። በየቀኑ በእግሬ እሄዳለሁ። የቤቴን ደረጃ ጠርዝ ነጭ ቀለም ቀብቼዋለሁ፤ ምሳዬንም ራሴ አበስላለሁ። ልጄ አታምኑኝም እንጂ ሙያዬን አድንቃለች። ለአውቶቡሱ ዘይት የሚለወጥበትን ቀን አንስትም፤ ለራሳችንስ መቼ ነው ያየነው?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከመካከላችሁ አንድ ሰው አለ። ባለፈው ሳምንት ግቢው ውስጥ ቁልፉ ወድቆበት፣ እግሩ ሥር እያለ፣ መሬቱን በእጁ ሲዳብስ አይቼዋለሁ። ስሙን አልጠራም። ሰኞ ምርመራ አለ፤ ሠንጠረዡ ግን አዲስ ነው። ዛሬ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ ሁሉን ነግሬያቸዋለሁ። ተቆጡ፣ ጠረጴዛ መቱ፤ በመጨረሻ ግን ቃል ገቡልኝ። ራሱ የተናገረ ሰው ከመሪው ይነሳል እንጂ ከሥራ አይባረርም። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እንዲህ አይደል የተባባልነው?

«ልክ ነው» አሉ፤ ሁላችሁም ሰማችሁ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት ፈረቃ አለህ። ሰው ጭነህ ልትወጣ ነው። እኔ የዳንኩት በትኬት ቆራጯ ጩኸት ነው፤ አንተ አጠገብ ማን ይጮሃል? እለምንሃለሁ።

በግራዬ ወንበር ተንቀሳቀሰ። ማን ነው የተነሳው? በዚህ በኩል አይታየኝም፣ ድምፅህን አሰማኝ።

አንቺ? እኔ እኮ ስለ ሌላ ሰው ነበር የማወራው! አንቺ ገና አርባ እንኳ አልሞላሽም… ሹፌር ሆነሽ ስትመጪ ያቺን መስመር ያስጠናሁሽ እኔ ነኝ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።

አንተም ተነሳህ፣ ከኋላ። እግዜር ይስጥህ፣ አንተን ነበር የጠበቅኩት። ቁልፎቻችሁን ለስምሪት ክፍሉ አስረክቡ። ሰኞ ሦስታችንም አብረን ሐኪም ቤት እንገባለን።

ሁላችሁንም ፈጣሪ የዓይናችሁን ብርሃን፣ የጉልበታችሁን ጽናት ያቆይላችሁ። ጧሪ አያሳጣችሁ፤ ጧሪ የምትሹበትን ቀንም ያርቅላችሁ። ወጣቶቹ አርጁ፤ ያረጃችሁም በራሳችሁ እግር ወጥታችሁ በራሳችሁ እግር ግቡ። ልጅ የልጅ ልጅ ስታዩ፣ በስማ በለው ሳይሆን በዓይናችሁ እዩ።

በሉ፣ ልወርድ ነው። የመድረኩ ደረጃ በግራ በኩል ነው፤ እባካችሁ፣ አንዳችሁ እጃችሁን ስጡኝ።