ልብሳችሁ ቀበሌ ነው

ውይይት ታክሲ ወንበሩ ፊት ለፊት ነውና የሰው ወሬ ሳይሰሙ መውረድ የለም። ከመገናኛ ወደ ላምበረት ስንሄድ ከፊቴ ክራንች የያዘች ወጣትና አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር።

«እግርሽን ታከምሽ ልጄ?»

«ኦፕራሲዮን ሆንኩ እማማ። በነፃ!»

«ቀበሌ ጻፈልሽ?»

«መጀመሪያማ ጸሐፊው እንቢ አለኝ። ‹የስፌት መኪና አለሽ፤ ነፃ ህክምና ለችግረኛ ነው› አለኝ።»

«ሠርቶ መብላት ጥፋት ሆነ!»

«የምሰፋው ከዳቦ አያልፍም፣ ለኦፕራሲዮን ከየት ላምጣ ብለው፣ ‹እንግዲያው ሥራውን ተዪና ነይ› አለኝ።»

«ተውሽው?»

«ወላሂ ተውኩት! ኢድ ደርሷል። የሰፈሩን ልብስ ሁሉ ከነመኪናው በጋሪ አስጭኜ ቢሮው ውስጥ ቆለልኩለት። ‹ልብሴስ?› ያለኝን ሁሉ፣ ቀበሌ ሥራ አቁሚ ብሎኛል፣ ልብሳችሁ እዚያ ነው አልኩ።»

«ሄዱ?»

«ግቢው ሞላ! አንዷ ‹እጅጌው የታል?› ትለዋለች፣ ሌላዋ ‹ዚፑን አስገባልኝ› ትለዋለች። በመጨረሻ የሊቀመንበሩ ሚስት መጣች።»

«የሷም ነበረበት?»

«ያውም ጨርቁ ገና አልተቆረጠም!»

«ውይ በሞትኩት!»

«ከምሳ በፊት ማኅተሙ ተመታ። ‹ሠራተኛ ናት፤ ለህክምናው ግን አቅም የላትም› ተብሎ ተጻፈልኝ። መኪናዬንም ጸሐፊው ራሱ ተሸክሞ ቤቴ አደረሰልኝ።»

እናትየው እዚያው ታክሲው ውስጥ እልልታዋን አቀለጠችው።

እኔ፣ ስትገባ ክራንቿን አይቼ ልሰጣት በመዳፌ የጨበጥኳትን ሳንቲም ቀስ ብዬ ወደ ኪሴ መለስኩ።