የውሃ ዳኛው ደጃፍ

ራያ ቆላ ተወልዶ ደራሽ የሚጠላ ገበሬ የለም። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ላይ ካላሳደረ ማሽላው በምን ይበቅላል? ጋሼ ሞላም የዚያው አገር ልጅ ናቸው። ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ቆቦ ከተማ እስኪገቡ ድረስ የውሃ ዳኛ ሆነው ጎርፍ ሲያከፋፍሉ፣ በውሃ የተጣላውን ሲያስታርቁ ኖረዋል። ወደ ከተማ ሲመጡ በሬዎቻቸውን ሸጡ፤ ለጎርፍ ያላቸውን ፍቅር ግን ይዘውት መጡ። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል፤ በከተማ ጎርፍ የሚያድርበት ማሳ የለም፣ ያለው የሰው ቤት ነው።

በሐምሌ ወር፣ አንድ ቀን ማለዳ፣ ዝናቡ ሲያወርደው ካደረ በኋላ፣ ጋሼ ሞላ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራቸው አጠገብ አንዲት ባጃጅ ቆማ አገኙ። አናቷ ላይ የታሰረው ፍራሽ ውሃ ያንጠባጥባል። ገመዱን የምታጠብቀው የጎረቤታቸው የኡሙሃኒ የወንድም ልጅ ፈሪሀ ነበረች፤ ውሃ ምህንድስና ተምራ በቅርቡ የተመለሰች ልጅ ናት። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ እሷም አላህን አመሰገነች፣ እሳቸውም እግዚአብሔርን። ከዚያ መንገደኛው ማን እንደሆነ ጠየቋት።

«አክስቴ ናት። ሮቢት ከተማ ልጇ ዘንድ ልትገባ ነው።»

«ለጥየቃ ነዋ።»

«ለመኖር ነው ጋሼ።»

ሽማግሌው ደነገጡ። ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ ድንኳኑ እስኪነቀል ቤቷ ያልተኛች፣ ጾም ሲገባ የሚበሉትን ለብቻ ሠርታ የምትልክላቸው ኡሙሃኒ ናት። ያለሷ ይህን ሰፈር አያውቁትም፤ ማወቅም አይፈልጉም።

ፈሪሀ ምክንያቱን ነገረቻቸው፤ ጎርፉ ዘንድሮም ቤት ገብቷል። ጋሼ ሞላ ይህን ሲሰሙ የሚቆጡበት ሰው በማግኘታቸው ትንሽ ቀለላቸው።

«በየወሩ የውሃ ሂሳብ እንከፍላለን። አንድ ወር ብናሳልፍ ቆጣሪ ሊነቅሉ ይመጣሉ። ገንዘቡን የሚቀበል መውረጃውንም ይጥረግ እንጂ!»

«የምንከፍለው በቧንቧ ለሚገባው ውሃ ነው ጋሼ። ለሚወጣው የሚያስከፍለን ስለሌለ የኔ ነው የሚለውም ጠፋ። የአስፋልቱ ዳር ትልቁ መውረጃ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ እሱን ሄደን እንጠይቃለን። በየደጃፋችን ያለውን ግን ቆሻሻ የምንሞላውም እኛ፣ የምንደፍነውም እኛው ነን።»

«ማነው የደፈነው?»

ፈሪሀ ወደ እሳቸው በር ተመለከተች። በሩ ፊት፣ በመውረጃው ላይ፣ ሰፊ ሶሌታ ተጋድሟል። ልጃቸው ሜሮን ስትዳር የሙሽራው መኪና እደጅ ድረስ እንዲገባ ብለው ያስሞሉት ኮንክሪት ነው። ከስሩ የተቀበረችው ቀጭን ቱቦ በደለልና በፌስታል ታፍናለች። ውሃው ማለፊያ ሲያጣ በላዩ ይዘላል፤ ዘሎም ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ወዳለው ወደ ኡሙሃኒ ግቢ ይገለበጣል።

«እሷ ራሷ አይደለች እንዴ ሲሚንቶው ሲቦካ ውሃ ያመላለሰችልኝ?» አሉ ጋሼ ሞላ። «ቢጎዳት አትነግረኝም?»

«ለዚሁ ነው ያልነገረችዎት። አያ ሞላን የልጅህን የሠርግ ደጃፍ አፍርስ ከምለው እኔ ብነሳ ይሻላል አለች።»

ነገሩ ልባቸውን ነክቷቸዋል፤ ግን ሽማግሌ ሲነካ መጀመሪያ ይከራከራል። ሶሌታው በገዛ ደጃፋቸው መሆኑን፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ቤት የሠራችው እሷ መሆኗን፣ ጎርፍም የፈጣሪ በረከት መሆኑን ደረደሩ። ፈሪሀ በአክብሮት አዳመጠቻቸው። የተማረችውን የውሃ ስሌት ብትዘረዝርላቸው እስከ ማታ እንደሚሟገቷት ታውቃለች። ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዘች።

«ጋሼ፣ ያንን የኡበይድን ድንጋይ ታሪክ እስቲ ይንገሩኝ።»

ይህን ታሪክ ሰፈሩ በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል። ጋሼ ሞላ ግን ተጠይቀው እምቢ አይሉም፤ ሳይጠየቁም ይነግሩታል። ሶሌታው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡና ጀመሩ።

«ኡበይድ ማሳው ከቦዩ ራስ ላይ ነበር። በሬዎቹ እንዲሻገሩ ብሎ ቦዩ ላይ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጣለ። ደራሽ ሲመጣ ውሃው እዚያ ታገተና ክትሩን ጥሶ የጌታሁንን ቡቃያ ጠርጎ ወሰደ። ጌታሁንም እኔ ዘንድ ከሰሰው። ኡበይድ ቆሞ፣ ድንጋዩ በመሬቴ ላይ ነው፣ የጌታሁን ማሳ ዝቅ ማለቱ የኔ ጥፋት አይደለም አለ። እኔ ምን አልኩት? መሬቱ ያንተ ነው፣ ውሃው ግን ሌላው ዘንድ የሚያልፍ ነው፣ ማለፊያውን መዝጋት አትችልም። ድንጋዩን አንሳ፣ የፈረሰውንም ክትር አንተው መልሰህ…»

እዚህ ላይ የተቀመጡበትን ኮንክሪት በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ይቀጥሉ እንጂ ጋሼ» አለች ፈሪሀ ለስለስ ብላ።

«…መልሰህ ሥራ አልኩት።»

«ኡበይድስ ምን አለ?»

«ምን ይላል። አነሳ።»

ብዙ ሰው ለሌላው የፈረደውን በራሱ ላይ ሲያገኘው ፍርዱን ይለውጣል። ጋሼ ሞላ ግን እልኸኛ ቢሆኑም ዳኛ ነበሩ። ተነስተው በቀጥታ ወደ ኡሙሃኒ ግቢ ገቡ። እሷ ጭቃውን ከደጃፏ ትጠርግ ነበር።

«ኡሙሃኒ፣ እኔን ጥለሽ ሮቢት?»

«ልጄ ናፍቆኝ ነው፣ አያ ሞላ።»

«አትዋሺኝ። ያባረርኩሽ እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ ነው፣ ግን እኔ ነኝ። የሚቀጥለውን ደራሽ ጠብቂልኝ። ደጃፍሽን ከረገጠ ፍራሽሽን ራሴ ተሸክሜ ሮቢት አደርስልሻለሁ።»

ኡሙሃኒ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ፈሪሀን ባጃጇን እንድትመልሳት ነገረቻት።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ዲጂኖ የሰነዘሩት እሳቸው ናቸው። ሶሌታው ሲሰነጠቅ ዲጂኖውን አቁመው የሙሽራውን መኪና አስታወሱ። ወሬውን በስልክ የሰማችው ሜሮን ግን ሳቀችባቸው፤ «አባዬ፣ እኔ እንደሆነ አግብቼ ሄጃለሁ፤ መኪናው ተመልሶ አይመጣም» አለች። በቦታው ፈሪሀ ለክታ ያሠራችው የብረት ፍርግርግ ገባ፤ መኪና ያሳልፋል፣ ለጠረጋም ይነሳል። ጎረቤቱ አካፋ ይዞ ወጣ። ገበሬ ክረምት ሳይገባ ቦዩን እንደሚጠርገው ሁሉ፣ ሰፈሩም ከዚያ ወዲህ በየደጃፉ ያለውን ሊጠርግ ተስማማ። ስለ ትልቁ መውረጃ ሊጠይቁ ማዘጋጃ ቤት የሄዱትም የራሳቸውን ድርሻ ሠርተው ስለነበር በሙሉ አፍ ተናገሩ።

ጥቅሙም አልዘገየም። ውሃው መታቆር ሲያቆም የወባ ትንኙ ቀነሰ፤ የጭቃ ቤቶች ግድግዳ መራሱን ተወ። ጋሼ ሞላ ለጎርፍ ያላቸው ፍቅርም ቦታ አገኘ፤ ኡሙሃኒን አስፈቅደው ከመውረጃው ጥቂቱን በትንሽ ቦይ ወደ ፓፓያቸው መሩት። በቧንቧ ውሃ አትክልት ማጠጣታቸው ስለቀረ የወሩ ሂሳብ ቀለላቸው። ይህንንም እንደ ኡበይድ ታሪክ ላገኙት ሁሉ መንገር ጀመሩ።

እስከዚያ የዘነበው ቀላል ዝናብ ነበር፤ የተጠበቀው ትልቁ ደራሽ ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ጋሼ ሞላ ካፖርታቸውን ደርበው በፍርግርጉ አጠገብ ቆሙ። ድፍርሱ ውሃ እያጓራ ከሥሩ አለፈ። ያን ጊዜ፣ ማሳ ላይ የላዩ ገበሬ ለታችኛው እንደሚጣራው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተጣሩ።

«ለቅቄዋለሁ፣ ኡሙሃኒ፣ ተቀበይ!»

ኡሙሃኒ በሯ ላይ ቆማ ውሃው በመውረጃው ውስጥ ሲያልፍ ተመለከተች። ደጃፏ ደረቅ ነበር።

«አልፏል፣ አያ ሞላ» አለች። «ና ግባ፣ ዝናብ አይምታህ።»