ከታማሚዋ የተደበቀ በሽታ

ልብስ ሰፊው፣ ሐኪሙ ለሚስቱ ያቀረበውን አዲስ መድኃኒት «አንፈልግም» ብሎ ከሆስፒታሉ ሲወጣ፣ እዚያው መድኃኒት ቤት የምትሠራውን የጎረቤቱን ልጅ ደረጃው ላይ አገኛት። የሚስቱን ካንሰር ከሐኪሙ ሰምቶ የነገረው ለዚህች ልጅ ብቻ ነበር። ለታማሚዋ «ጨጓራ ነው» ተብሏል። ክፉ ወሬ ለበሽተኛ አይነገርም፤ አባቶቹም እንዲሁ አድርገዋል፣ በሽተኞቻቸውም ምንም ሳያውቁ በሰላም ተቀብረዋል።

«ምነው ጋሼ፣ አዲሱን መድኃኒት እምቢ አሉ እንዴ?»

«ፋብሪካ የሠራው መርዝ ይሞከርባት? ሚስቴ አይጥ ናት እንዴ ልጄ?»

«ይቆዩ፣ ይስሙኝ። በደማችን ውስጥ ጠላት የሚዋጉ ፀረ እንግዳ አካላት አሉ። ካንሰሩ ግን ከገዛ ሥጋዋ የበቀለ ስለሆነ እንደ ቤተሰብ አይተው ያልፉታል። በመድኃኒቱ ውስጥ ያለችው ይህች የተሠራች ቅንጣት ሁለት ጫፍ አላት። ባንዱ ካንሰሩን ትይዛለች፣ በሌላው እነሱን ጎትታ ታመጣለች። የሚዋጋው የራሷ ሰውነት ነው።»

«ሁለት ጨርቅ እንደሚያያይዝ መርፌ ቁልፍ?»

«እንደሱ።»

«ታድናታለች?»

«እሱን አላውቅም ጋሼ፣ ገና በሙከራ ላይ ናት። ልትጎዳትም ትችላለች። ደግሞ በሽታዋን አውቃ በራሷ አፍ እሺ ካላለች አይሰጧትም።»

«ብነግራትማ በድንጋጤ ትሞትብኛለች!»

«ባለፈው መድኃኒት ልትወስድ መጥታ ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹ሆዴን እንዲህ ያደረግሁት እኔው ነኝ፣ ምን በልቼ ይሆን?› እያለች ራሷን ትረግማለች። እኔም እንደ እርስዎ ዋሽቼ ሸኘኋት።»

ልብስ ሰፊው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን እንተርታለን፤ የሰውን በሽታ ከባለቤቱ ስለሚደብቅ ግን ተረት አላወጣንም፣ ሁላችንንም ስለሚነካ ይሆናል።

ቤት ሲደርስ በሩን ዘግቶ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እየተንተባተበ ነገራት። አልጮኸችም። ቀና ብላ ተቀመጠችና፣

«ታዲያ ከእህቴ ሳልታረቅ ልትቀብረኝ ነበር?» አለችው።

በማግስቱ ይዟት ወደ ሐኪሙ ተመለሰ።

ሐኪሙን የጠየቀችው ራሷ ናት፤ መድኃኒቱንም ጉዳቱን ሰምታ «እሺ» ያለችው ራሷ ናት። መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ እስካሁን አልታወቀም፣ ክብደቷም እየቀነሰ ነው። ነገር ግን የማይረባትን የጨጓራ ክኒን መዋጥ ተወች፤ የሚያማትንም ሳትደብቅ ስለምትናገር ማስታገሻው በልኩ ይሰጣታል። እህቷ መጥታ አጠገቧ ትተኛለች። ልብስ ሰፊውም ከስፌት ቤቱ ጓዳ ተደብቆ ማልቀሱን ትቷል። አሁን አብረው ያለቅሳሉ።